በፊደል ተራው ቦታ ያስቀመጥኳት ግጥም

የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ግጥሜን የለጠፈው ከፎቶኮፒ ማሽኑ በላይ ነበር፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። አክስቴ ሆቴል ምሳ በልቼ ስመለስ ሁለት የከባድ መኪና ሹፌሮችና መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ አንድ ሰውዬ ቀና ብለው እያነበቡ ይስቃሉ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

1. ሁሉ እዚህ ይበላል፣
1.1. ሁሉ እዚህ ይጠጣል፣
ሀ) መኪናው ሲጣራ
ለ) ጥሎኝ ይወጣል፤
2. አዋሽ ምን ሥራ አላት
2.1. ከመሰነባበት፣
ሀ) እኔም መንገድ ሆንኩኝ
ለ) ሰው የሚያልፍበት።

ከሥሩ በደማቅ ጽሑፍ «ለውሳኔ የቀረበ» የሚል ጨምሮበታል።

ግጥሟ የእኔ ናት። ቁጥሮቹና ፊደሎቹም የእኔ ናቸው፤ እነሱን ለማስተካከል ስንት ቀን ዓይኔን እንዳጠፋሁ የማውቀው እኔ ነኝ። የባሰ ያናደደኝ ይኼ ሁለተኛው ነው። በገዛ ቢላዬ ነው የወጋኝ።

«ጋሼ፣ ይኼን ማን ለጠፈው?» አልኩት።

«ቃለ ጉባኤ መስሎኝ እኮ ነው» አለ ከኮምፒውተሩ ሳይነሣ። «ሲስተሙ ግጥም ይችል እንደሆነ ልሞክረው ብዬ ነው። ይችላል! ደስ አይልሽም፣ ገጣሚዋ?»

አንደኛው ሹፌር እጁን እንደ ስብሰባ ሰው አወጣ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ፊደል ተራ ለ ላይ ማሻሻያ አለኝ።»

እንደገና ሳቁ። ወረቀቱን አልገነጠልኩትም። ብገነጥለው «አለቀሰች» ይባላል፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ደግሞ አንድ ሹፌር የሳቀበትን ነገር ጅቡቲ ድንበር ገላፊ ያለው ሹፌር ሳይመሽ ይሰማዋል። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ባለቤቱ ለዚህ የሚከፍለኝን ዋጋ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ማሰብ ያዝኩ።

ሱቁ ከአክስቴ ሆቴል ጋር ግድግዳ የሚጋራ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው። አክስቴ ከወሎ የመጣችው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ወደ ሰመራና ወደ ድሬዳዋ የሚያልፉ መኪኖች ለምሳ ስለሚቆሙ ሆቴሏ እኩለ ቀን ላይ ጢም ይልና ከሰዓት በኋላ ጭር ይላል። እኔ ያደግሁት በዚያ ሆቴል ትሪ ሥር ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። ጽሕፈት ቤቱ ገባሁና በተበላሹ ወረቀቶች ጀርባ ግጥም እየጻፍኩ፣ ሙቀቱ ደንበኛ በሚያባርርበት ሰዓት ደግሞ ባለቤቱ በተወው ኮምፒውተር ኮድ መጻፍ ተማርኩ። መምህሬ ስልኬ ነበር። ባለቤቱ ዲፕሎማ ያለው፣ ሰመራ መሥሪያ ቤት ሠርቶ የለቀቀ፣ ብዙ ሰው የሚያውቅ ሰው ነው። «ክፉ ሰው አልነበረም» ብል ይቀለኝ ነበር። አልልም።

ሰመራ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያና ቃለ ጉባኤ በድረ ገጽ ላይ የሚጻፍበት ነገር ፈለገ። ከጭፍራ ወረዳ የተላከ መመሪያ ሰመራ ላይ ሲከፈት ቁጥሩ ተበታትኖ ይገኛል፤ አንቀጽ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንቀጽ አምስት ይጠፋል። ውሉን ሰውዬው ያዘ። ሥራውን እኔ።

እንዲህ ያለ የመጻፊያ ገጽ ማንም ከባዶ አይሠራውም። ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ የለቀቁት የኮድ ጥቅል አለ፤ ላይብረሪ ይሉታል። እሱን ወስደሽ ገጽሽ ላይ ስትጨምሪው ማድመቂያው፣ ማስመሪያው፣ ሠንጠረዡ አብሮ ይመጣል። ዝርዝርም ይመጣል። ችግሩ የዝርዝሩ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ላይብረሪውን የጻፉት ሰዎች የሚያውቁት የራሳቸውን አገር ወረቀት ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት የሚያውቀው ሰው መዝገብ ቤት የምትሠራ አንዲት የአፋር ሴት ነበረች። ተያይተን አናውቅም፤ በስልክ ነው ያስረዳችኝ። «የኛ ወረቀት እንዲህ ነው የሚሄደው» አለች። «አንድ። ከሥሩ አንድ ነጥብ አንድ። ከሥሩ ሀ፣ ለ፣ ሐ። ከዚያ ወዲያ ሰረዝ ብቻ።» የላይብረሪውን ሦስተኛ ደረጃ፣ የሮማውያኑን i፣ ii፣ iii፣ ፎቶ አንሥቼ ስልክላት፣ «ይኼ ምንድን ነው? በረት ልታጥሪ የተከልሽው ችካል ነው?» አለችኝ።

ስለዚህ የራሴን የዝርዝር ስታይል፣ ማለትም የአቀማመጥ ደንብ፣ ማውጣት ነበረብኝ። ስታይሉ ስም አለው፤ ከስሙ ሥር ደረጃዎቹ ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ምን ምልክት እንደሚቀድመው፣ ከምልክቱ በኋላ ነጥብ ይሁን ቅንፍ፣ ከዳር ምን ያህል ገባ እንደሚል፣ መቼ እንደገና ከመጀመሪያው እንደሚጀምር ትናገሪያለሽ። መጀመሪያ ሰነፍኩና ኮምፒውተሩን «ከሀ ጀምረህ ሂድ» አልኩት። ኮምፒውተር ፊደል የሚያውቀው እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ ብሎ ወረደ። ሴትዮዋ በስልክ እስክትታክት ሳቀች። «እህቴ፣ ለመመሪያ ነው ወይስ ሕፃን ልታስቆጥሪበት?» ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ብዬ ቅደም ተከተሉን በእጄ ደረደርኩት።

ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። 1.1 ሥር ሀ እና ለ ካሉ፣ 1.2 ሲከፈት ፊደሉ እንደገና ከሀ መጀመር ሲገባው ሐ ብሎ ይቀጥላል። ላይኛው ሲቀየር ታችኛው እንደማያይ ሎሌ ዝም ብሎ ይቆጥራል። ይህን ያስተካከልኩ ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሰነዱ ራሱ ፊደሉን አይዝም። የሚይዘው «እኔ የዚህ ስታይል ሦስተኛ ደረጃ ነኝ» የሚል ማስታወሻ ብቻ ነው። ሀ ወይም ለ የሚሳለው ሰነዱ ሲከፈት፣ እኔ ከጻፍኩት ደንብ ላይ ተወስዶ ነው። እዚያ አንዲት ቦታ ላይ አንድ ነገር ብቀይር፣ በዚያ ስታይል የተጻፈ ሁሉ፣ ጭፍራም ያለው ሰመራም ያለው፣ ይቀየራል። ቤት መምታት መጀመሪያ የገባኝ ቀን እንዲህ ነበር የተደሰትኩት።

ለሰውዬው አሳየሁት። «ጎበዝ» አለ። በማግስቱ ነው ከአንድ የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ያገኛትን ግጥሜን በዚያው ስታይል አድርጎ የለጠፈው።

ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ሰነበተ። እኔም ከሥሩ እየሠራሁ ሰነበትኩ። አንድ ቀን እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፦ «አዎ፣ ዝርዝሩን ስሠራው አስቸግሮኝ ነበር… አይ፣ ብቻዬን ነኝ። አንዲት ልጅ አለች፣ ታይፕ ታደርግልኛለች።» ዓይኔን አየኝ። ፊቱን እንኳ አላዞረም።

የመዝገብ ቤቷ ሴት ደግሞ ከሌላ ወገን ሌላ ወሬ ነገረችኝ። ሲስተሙ ሰመራ አዳራሽ ውስጥ ለኃላፊዎች ሊቀርብ ነው። እዚያው ሲስተሙን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይቀጠራል። ሰውዬው የታናሽ ወንድሙን ስም ሰጥቷል።

ይቺን ሥራ ምን ያህል እንደምፈልጋት ለአክስቴ ብቻ ነው የነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ሆቴሉ አለልሽ እኮ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች።

«አክስቴ፣ ሆቴሉ ውስጥ ሁሉም ሰው ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። እኔ ብቻ ነኝ የማልሄደው።»

«ታዲያ ሂጂና ንገሪያቸው። ሥራው የኔ ነው በያቸው።»

«ማን ያምነኛል?»

«ወላሂ፣ ምላስሽን ያየ ያምንሻል» አለች፤ ለመሳፈሪያዬም የሚሆን ገንዘብ ሰጥታ ሸኘችኝ።

እኔ ግን የምሄደው ለመንገር ብቻ አልነበረም። ሰውዬው ወደ ሲስተሙ የምገባበትን የይለፍ ቃል አልቀየረውም። የረሳው አይመስለኝም፤ የናቀኝ ይመስለኛል። ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት አንዲት ግጥም ጻፍኩለት፦

የሰው ግጥም ወስዶ በቁጥር ያሰረ፣
የራሱ ስም ጠፍቶት በሰው ስም ከበረ።

ግጥሟን ቃል በቃል በታተንኳት። ሀ በነበረበት «የሰው»፣ ለ በነበረበት «ግጥም»፣ ሐ በነበረበት «ወስዶ»… ስታይሉ ምልክቱ ፊደል ይሁን ቃል ግድ የለውም፤ የሰጠሽውን ያስቀምጣል። አዳራሹ ውስጥ የሚያሳየው ስለ ውኃ ነጥቦች የወጣውን መመሪያ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚያ ውስጥ ፊደል ተራው ረጅም የሆነ አንድ ንዑስ አንቀጽ አለ። ሰነዱን ሲከፍት ግጥሟ በዳሩ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቃል በቃል ትወርዳለች። ሰው ሁሉ ያነባታል። እሱ ለማጥፋት ቢሞክር የት እንዳለች ፈልጎ አያገኛትም፤ ሰነዱ ውስጥ የለችማ። ስልኬ ላይ አዘጋጅቼ ሴቭ ሳልለው ተውኩት። አንድ መንካት ብቻ ነው የቀረው።

መኪናው ውስጥ፣ ገዋኔን አልፈን ሚሌ እስክንደርስ፣ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ማን ሊደውልልሽ ነው?» አሉኝ። «ማንም፣ አባባ። እኔ ነኝ የምደውለው» አልኳቸው።

ሰመራ ሕንጻው ሰፊ፣ ጥላው ጠባብ ነው። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያቺ የመዝገብ ቤት ሴት ቆማ ጠበቀችኝ። በድምፅዋ ወፍራም መስላኝ ነበር፤ ቀጭንና ረጅም ሆና አገኘኋት። እጄን ስማ፣ እጇን አስማችኝና ከአጥሩ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። ዳጉ ጀመረች።

ዳጉን የማያውቅ ሰው ሰላምታ ይመስለዋል። ሁለት ሰዎች ከመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ሰላሙን፣ መንገዱን፣ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ ሰዉን። አንዱ ሥር ያለው ሳያልቅ ወደ ሌላው አይታለፍም። የተጠየቀ አይደብቅም፤ የደበቀሽው ነገር ሌላው ሰው ከብቱን ይዞ ሊሄድበት ያለው መንገድ ሊሆን ይችላል። አክስቴ ሆቴል የሚመጡ አፋሮች ከልጅነቴ ጀምሮ ሲጠይቁኝ አድጌያለሁ። ጠያቂው «ሌላስ?» ሲል አፌ ራሱ ይከፈታል።

«መንገዱ ሰላም ነው?» አለች።

«ሰላም ነው።»

«ምን አየሽ?»

«ሚሌ ጋ አንድ ተሳቢ ተገልብጧል፤ ሰው አልተጎዳም።»

«ዝናብስ?»

«ገዋኔ ትላንት ጥሏል አሉ።»

«ቤተሰብ?»

«ደህና ናቸው።»

«አንቺስ? አንቺ ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ነገርኳት። ግድግዳው ላይ ስላለው ወረቀት፣ በስልክ ሲል ስለሰማሁት፣ ስለ ወንድሙ። «ሌላስ?» አለች። ስለ ግጥሟም ነገርኳት፤ በቃሌ አነበነብኩላት። «ሌላስ?» አለች። የት እንዳስቀመጥኳትና መቼ እንደምነካትም ነገርኳት። «ሌላ የለም» ስል ነው ያደረግሁት የገባኝ። በዓለም ላይ በቀሉን እንደ ዝናብ ወሬ ዘርዝሮ የሚናገር ከኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

«ለማንም አትንገሪ እሺ» አልኳት።

ገርሟት አየችኝ። «እህቴ፣ ዳጉ ነው እኮ» አለችና ቀሚሷን አራግፋ ተነሥታ ገባች።

ላቤን ጠርጌ ሳልጨርስ ሰውዬው ወጣ። ለዝግጅቱ ከረባት አስሯል፤ አንገቱ ቀልቷል።

«ሰማሁ» አለ።

«ከማን?»

«ከጥበቃው! የበሩ ጥበቃ ነው ‹ልጅቷ ግጥም ልትለቅብህ ነው› ያለኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ። እዚህ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ገብቼ እነግራቸዋለሁ። ‹የሠራችው እሷ ናት› እላለሁ። ሥራውንም ለሷ ስጧት እላለሁ። ወንድሜን ተይው።»

«ለምን እስከ ዛሬ አላልክም?»

«ዛሬ እያልኩ ነው። ምን ፈለግሽ? የፈለግሽው ይኼ አይደለም?»

እውነቱን ነው፤ የፈለግሁት ይኼ ነበር። ከአዋሽ የወጣሁት ለዚህ ነው። አፌ ላይ «እሺ» የምትለው ቃል መጥታ ነበር። እሱ ግን እፎይ ብሎ ከረባቱን ላላ አደረገና ሳቅ አለ።

«ይኼ ሁሉ ለአንዲት ግጥም?» አለ።

እሺ የምትለዋን ዋጥኳት። እምቢም አላልኩም። ከኋላው ገባሁ።

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፤ ኤሲው ይንጣጣል። ከፊት ኃላፊው ተቀምጠዋል፤ በዕድሜ የገፉ፣ ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ የሚያዳምጡ የአፋር ሰው። የመዝገብ ቤቷ ሴት ከጎናቸው ናት። እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ሰውዬው ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝቶ ስለ ሲስተሙ አወራ። በደንብ አወራ፤ ይህን አልነፍገውም። ደረጃዎቹን፣ ፊደሉ ለምን እንደገና ከሀ እንደሚጀምር፣ ሁሉንም ከኔ በላይ አሳምሮ አስረዳ።

ከዚያ ቆመ። «ሰነዱን ከመክፈቴ በፊት» አለ «አንድ ነገር ልናገር። ይህን የሠራችው እኔ ሱቅ የምትሠራ ልጅ ናት። ከኋላ ተቀምጣለች። ዝርዝሩን ብቻዋን ነው የሠራችው። ለሥራው የምትሆነው እሷ ናት።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አጨበጨቡልኝ። አንዲት ሴት «ልጅ ናት እኮ!» አለች። ሰውዬው ከሩቅ ዓይኔን ፈለገና ራሱን ነቅነቅ አደረገ፤ «ይኸው፣ ቃሌ» እንደማለት። ከዚያ ሰነዱን ለመክፈት ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለ።

እሱ እስኪጎነበስ ድረስ ሁሉም ነገር በእጄ ነበር። ሥራው በእጄ፣ ጭብጨባው በእጄ። እኔ ግን የማየው ሹፌሩ ያወጣውን እጅ ነው። «ፊደል ተራ ለ ላይ ማሻሻያ አለኝ።» አውራ ጣቴ ሴቭ የሚለው ላይ ነበር። ነካሁት።

መመሪያው ተከፈተ። «የውኃ ነጥብ ኮሚቴ ተግባራት» ከሚለው ሥር፣ ሀ) መሆን በነበረበት፣ «የሰው) ጉድጓዱን ያጸዳል» ይላል። «ግጥም) የተራ ቅደም ተከተል ያወጣል።» «ወስዶ) ቅሬታ ይሰማል።» «በቁጥር) በየወሩ ይሰበሰባል።» «ያሰረ)…» እያለ ወረደ። ከዚያ አንዱ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ጀመረ፤ ጎረቤቱ ተከተለው፤ ሳቁ እንደ ጎርፍ ከኋላ ወደ ፊት ሄደ። ሰውዬው ላፕቶፑን እየነካካ ነው። አንዱን መስመር አጠፋ፤ ከሥሩ ያሉት መስመሮች አንድ ቦታ ከፍ ብለው ግጥሟ እንደገና ተሰለፈች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንገቱ ከረባቱ ላይ ሲያብጥ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አንጀቴ የራሰበት ቀን የለም፤ ዛሬም ሙቀቱ ሲያማርረኝ ያቺን አንገት አስባለሁ።

ኃላፊው አልሳቁም። መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡና ግጥሟን ከላይ ወደ ታች፣ ቃል ለቃል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቧት። ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ።

«ሰምቼ ነበር» አሉ። «ከመግባቴ በፊት ነው የሰማሁት። አላስቆምኩሽም። ልይ ብዬ ነው።»

ስልኬን ከጉልበቴ ላይ አንሥቼ ቆምኩ።

«ይኼ ግጥም ቅድም እውነት ነበር?»

«እውነት ነበር» አልኩ።

«‹በሰው ስም ከበረ› ይላል። ሰውዬው አሁን ተነሥቶ ስምሽን መለሰ። አንቺ እዚሁ ነበርሽ፤ ሰምተሻል። ከሰማሽ በኋላ ነው የለቀቅሽው።» መፋቂያቸውን ወደ ስክሪኑ ቀሰሩ። «ጉድጓዱ ላይ ውኃ እንዳለ ትላንት አይተሽ፣ ዛሬ መድረቁን ሰምተሽ፣ ‹ውኃ አለ ሂድ› ብትዪኝ ከብቴን ገደልሽ። ዳጉ ያረጀ ወሬ አይወድም።»

«እሱ የመለሰው ፈርቶ ነው» አልኩ።

«ፈርቶም ይሁን። መልሷል።» ወደ መዝገብ ቤቷ ሴት ዞሩ። «ይቺ ልጅ አንድ ቦታ ነክታ የሁላችንንም ወረቀት ትቀይራለች። ችሎታዋን አየሁ። ቁልፉን ለሷ አልሰጥም። አንቺ ትይዢዋለሽ፤ እሷ ታስተምርሻለች።»

«እኔ?» አለች ሴትዮዋ ደንግጣ። «ፊደል ተራው እንዴት እንደሚሄድ ከመናገር ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«ትማሪያለሽ።»

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ሄደ። ወንድሙም አላገኘውም። ይህን በማወቄ ደስ ብሎኛል፤ ትንሽ ደስታ ነው፣ ግን ደስታ ነው።

ስወጣ ሰውዬው ጥላው ሥር ቆሞ ውኃ ይጠጣል። «ቃሌን ጠብቄ ነበር» አለ።

«እኔ ቃል አልሰጠሁም።»

«ሥራው በእጅሽ ነበር፣ አንቺ እብድ። ምን አተረፍሽ?»

«አንገትህን አየሁ።»

ውኃውን ጎንጨት አለ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ቤቷ ግን ትመታለች» አለ በመጨረሻ፣ ወደ መኪና መንገዱ እያየ። «ያሰረ፣ ከበረ። የፊተኛዋ ግጥምሽ ላላ ያለች ነበረች።» ከዚህ ሰው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ሂስ ነው፤ ይበልጥ ያቃጠለኝም እሱ ነው፤ ልክ ነበረማ። የፊተኛዋ ላላ ትላለች።

ተጸጽተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ስለ ግጥሟ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ሰዓቱ ነው። ከመናገሩ በፊት ነክቼው ቢሆን ኖሮ ግጥሟም እውነት፣ እኔም ባለ ሥራ እሆን ነበር። አፉን ሳይከፍት መቅደም ነበረብኝ። ይቅርታ ያረገዘ ሰው ፊት መዘግየት በቀልን ያበላሻል፤ ይህን የተማርኩት በውድ ነው።

ማስተማሩ የተጀመረው በማግስቱ ጠዋት ነው። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ፋይሎቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ወንበር አለ። ሴትዮዋ ሻይ አቅርባልኝ፣ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና «እሺ፣ አሳዪኝ» አለች። አሳየኋት። የስታይሉን ደንብ ከፈትኩላት፤ ግጥሟ እዚያው ነበረች። ቃል በቃል ራሷ አጠፋች፤ በየቦታው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላ መለሰች። ሠ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ አሰበች፤ ልረዳት ስል እጄን መታ አደረገችኝ። ሴቭ አደረገች። መመሪያውን ስትከፍተው ኮሚቴው በሀ ጉድጓዱን ያጸዳል፣ በለ ተራ ያወጣል። ረካች።

ከዚያ የሁለተኛውን ደረጃ ርቀት እንዴት እንደምትቀይር፣ ሦስተኛው እንደገና ከሀ እንዲጀምር የሚያደርገው መስመር የቱ እንደሆነ አሳየኋት። የምትጠይቀው እንደ ዳጉ ነው፤ አንዱ ሥር ያለው ሳያልቅ ወደ ሌላው አትሄድም። «ይኼን ብነካ ምን ይሆናል? ብተወውስ? ሌላስ?» ወደ ቀትር ሲጠጋ እኔ ደከምኩ፤ እሷ አልደከመችም።

«ዋናው ይኼ ነው» አልኳት። «ሌላ የቀረ የለም።»

«አለ» አለች። ፊቷ ላይ ቁጣም ሳቅም የለም። «እዚህ መግባት የሚችሉት እነማን ናቸው?»

«አንቺ። ሰውዬው። እኔ።»

«አንድ ሰው እንዳይገባ የሚደረገው እንዴት ነው?»

ቀና ብዬ አየኋት። ከዚያ የተጠቃሚዎቹን ገጽ ከፈትኩላት። መጀመሪያ የሰውዬውን ስም መርጣ አጠፋችው፤ በዚያ ፈገግ አልኩ። ቀጥላ የኔን መረጠች። «አጥፋ» የሚለው ላይ ደረሰችና ጣቷን እዚያው አቆየችው።

«ይኼ ነው?» አለች።

«እሱ ነው።»

ነካችው። «እስቲ በስልክሽ ሞክሪ።»

ስልኬን አውጥቼ የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። አላስገባኝም። አንድ ፊደል ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ቀስ ብዬ ደገምኩት። እንደገና መለሰኝ።

«እንዴት ነው?» አለች አንገቷን ወደ ስልኬ ሰገግ አድርጋ።

«ይሠራል» አልኳት። አጥብቄ ነበር ያስተማርኳት።